ወይዘሮ ኤሚሊ ዱ ሻትሌና የፍጥነት ሂሳብ

በፊዚክስ ፈተና ብዙዎቻችን የምንወድቀው ሂሳቡን ባለማወቅ ሳይሆን መንገዱን ባለመምረጥ ነው። ጥያቄውን በፎርስ እንፍታው ወይስ በኤነርጂ እያልን ሰዓቱ ያልቅብናል። የአውሮፓ ሊቃውንትም በዚሁ ጉዳይ ለብዙ ዘመን ተከራክረዋል። በክርክሩ ስማቸው ከሚነሣው መካከል የፈረንሳይዋን ወይዘሮ ኤሚሊ ዱ ሻትሌን ለጓደኞቻችን ልናስታውስ እንወዳለን። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወይዘሮ ኤሚሊ በ1706 በፓሪስ ከመኳንንት ወገን ተወለዱ። የዩኒቨርሲቲ በር ለሴት ልጅ ዝግ ስለ ነበረ ሂሳብን የተማሩት በግል መምህራን ነው፤ ከነዚህም ሞፐርቱዊና ክሌሮ ይገኙባቸዋል። በ1740 ለልጃቸው ማስተማሪያ ያዘጋጁትን የፊዚክስ መጽሐፍ አሳተሙ።

የክርክሩ ነገር እንዲህ ነበር። የዴካርት ወገኖች የሚንቀሳቀስ ነገር ብርታት የሚለካው ማሱን በፍጥነቱ በማባዛት ነው ሲሉ፥ የላይብኒትስ ወገኖች ግን ፍጥነቱ ሁለት ጊዜ መባዛት አለበት አሉ። ሆላንዳዊው ስግራቬሳንደ የናስ ኳሶችን በለስላሳ ጭቃ ላይ እየጣለ፥ ፍጥነቱ እጥፍ የሆነው ኳስ የሚቆፍረው ጉድጓድ አራት እጥፍ መሆኑን አሳየ። ወይዘሮ ኤሚሊ ይህን ይዘው ከላይብኒትስ ጎን ቆሙ። በ1741 የፓሪስ ሳይንስ አካዳሚ ጸሐፊ ሜራን በአደባባይ ሲነቅፏቸው፥ ሳይፈሩ በጽሑፍ መለሱላቸው።

እስቲ ነገሩን ወደ አገራችን እናምጣው። ቡና የጫነ መኪና ከማጂ ደጋ ወርዶ ሜዳ ሲደርስ ሾፌሩ ፍሬን ያዘ እንበል፤ ፍሬኑም በየሴኮንዱ ከፍጥነቱ 5 ሜትር በሴኮንድ ይቀንስለታል። ፍጥነቱ በሴኮንድ 10 ሜትር ከነበረ በ2 ሴኮንድ፥ 10 ሜትር ሄዶ ይቆማል። ፍጥነቱ 20 ከነበረ ግን በ4 ሴኮንድ፥ 40 ሜትር ሄዶ ነው። ጊዜው እጥፍ ሲሆን ርቀቱ አራት እጥፍ ሆነ። በ30 ሜትር ላይ መንገድ የሚያቋርጥ እረኛ ቢኖር፥ ከመጀመሪያው ይተርፋል፤ ከሁለተኛው አይተርፍም።

እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች እውነት ነበራቸው። ፎርስ በጊዜ ሲባዛ የመጀመሪያዎቹን ልክ ይሰጣል፤ በርቀት ሲባዛ ደግሞ የሁለተኞቹን ግማሽ፥ ማለት ዛሬ የእንቅስቃሴ ኤነርጂ የምንለውን ይሰጣል። ስለዚህ ጥያቄው ጊዜን ወይም አቅጣጫን ቢጠይቀን ከፎርስ እንጀምር፤ ከፍታን ወይም ርቀትን ቢጠይቀን ከኤነርጂ እንጀምር፤ ሰበቃ የወሰደውንም መቀነስ አንርሳ።

በ1749 ወይዘሮ ኤሚሊ በ42 ዓመታቸው ፀነሱ። ከወሊድ እንደማይተርፉ ሰግተው፥ የኒውተንን ታላቅ መጽሐፍ ከላቲን ወደ ፈረንሳይኛ የመመለሱን ሥራ ለመፈጸም ሌት ተቀን ደከሙ። ጽሑፉን ለንጉሡ ቤተ መጻሕፍት አስረክበው በመስከረም ወር ሴት ልጅ ወለዱ፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ ዐረፉ። ትርጉሙ በሙሉ የታተመው ከ10 ዓመት በኋላ በ1759 ነው፤ ፈረንሳዮች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል።

እኛ ግን በር ተከፍቶልን፥ መብራትና መምህር ተሰጥቶን፥ አንድ ጥያቄ ከበደን ብለን እርሳሳችንን እንጥላለን። ከእንግዲህ ልናፍር ይገባናል።