ሉሲ ዊልስና የዱቄታችን ነገር

ፅንስ ከተቋጠረ በኋላ በ28 ቀን ውስጥ፣ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ዘንግ እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ ይዘጋል። ሳይዘጋ ከቀረ ሕፃኑ ጀርባው ወይም የራስ ቅሉ ክፍት ሆኖ ይወለዳል። እናቲቱ መፀነሷን በውል የምታውቀው ግን ብዙውን ጊዜ ከዚያ ወዲያ ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ የትግራይ ሆስፒታሎች ጥናት ከ10,000 ልደት 131 ያህሉ ይህ ጉድለት እንደነበረባቸው አሳይቷል። የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሞች ክፍተቱን በቀዶ ሕክምና ይዘጋሉ፤ የተጎዳውን ነርቭ ግን መመለስ አይቻልም። እንግዲህ ተስፋው በመከላከል ላይ ነው። የመከላከሉን መንገድ ሳያውቁት የጠረጉትም ዶክተር ሉሲ ዊልስ ናቸው።

እኒህ ሴት በ1888 (ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በእንግሊዝ፣ በበርሚንግሃም አቅራቢያ ተወለዱ። በካምብሪጅ ዕፅዋትንና ሥነ ምድርን አጥንተው በ1911 ፈጸሙ፤ ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲው በዚያን ጊዜ ለሴቶች ዲግሪ አይሰጥም ነበር። ወደ ሕክምና ዞረው በ1920 በለንደን ሐኪም ሆኑ። በ1928 ወደ ቦምቤይ ተሻግረው፣ በነፍሰ ጡር የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ላይ የሚደርሰውን ብርቱ የደም ማነስ መመርመር ጀመሩ። ጀርም ፈልገው አላገኙም፤ ይልቁንም ሴቶቹ የሚበሉትን ጠየቁ። በሽታው የሚበረታው ምግባቸው በደኸየባቸው ላይ ሆኖ ተገኘ። ይህንኑ ምግብ ለዝንጀሮዎች ቢሰጧቸው ታመሙ፤ ርካሽ የእርሾ ጭማቂ ሲጨመርላቸው ዳኑ። በ1931 ይኸው መድኃኒት ሴቶቹንም እንደፈወሰ አሳተሙ። ያልታወቀው ንጥረ ነገር በስማቸው ተጠርቶ ቆየ፤ በ1941 ከስፒናች ቅጠል ተለይቶ ፎሊክ አሲድ ተባለ።

ዶክተር ዊልስ በ1964 አረፉ። በማግሥቱ ዓመት ሂባርድና ስሚዘልስ የተባሉ ሐኪሞች የዚሁ ንጥረ ነገር ጉድለት ከነርቭ ዘንግ ክፍተት ጋር እንደሚያያዝ ገለጹ። በ1991 የወጣው ታላቅ ጥናትም፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ ሴቶች ከመፀነሳቸው አስቀድመው ፎሊክ አሲድ ቢወስዱ ዳግም የመውለዱ አደጋ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

የዘር ውርስም ድርሻ አለው። በ1995 ኤምቲኤችኤፍአር በተባለው ዘረመል ላይ፣ በ677ኛው ስፍራ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ፎሌትን የሚያዘጋጀው ኢንዛይም እንደሚደክም ታወቀ። ለውጡን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው አደጋው ከፍ ይላል። ሆኖም ውርሱ ብቻውን ፍርድ አይደለም፤ ፎሌት በበቂ ሲገኝ ጉዳቱ ይቀንሳል። ዘሩን መለወጥ አይቻለንም፤ ምግቡን ግን ይቻለናል።

የእኛ የመሐንዲሶች ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። በ1 ቶን ዱቄት ውስጥ የሚጨመረው ፎሊክ አሲድ ጥቂት ግራም ብቻ ነው። ይህን ሳይበዛና ሳያንስ በእያንዳንዱ ከረጢት እኩል ማዳረስ የመመጠኛና የመቀላቀያ መሣሪያ ጉዳይ ነው። አገራችን በ2022 የስንዴ ዱቄት ማበልጸግን አስገዳጅ የሚያደርግ ውሳኔ አሳልፋለች። ዳሩ ግን ከአፍንጮ በር ዳቦ ቤት የምትገዛው ወጣት በፋብሪካው ዱቄት በኩል ልትጠቀም ስትችል፣ ጤፏን በሰፈር ወፍጮ ቤት የምታስፈጨው ጎረቤቷ ትቀራለች። አዮዲን በሚጨመርበት ጨው ፎሊክ አሲድንም ማድረስ ይቻል እንደሆነ መመርመሩ ስለዚህ ነው። ፋብሪካ ስንነድፍ፣ ውጤቱ ወደ ማን ማዕድ እንደሚደርስና ወደ ማን እንደማይደርስ መቁጠር ይገባናል። ዶክተር ዊልስ በቦምቤይ ያደረጉት ይህንኑ ነበር፤ ከመድኃኒቱ በፊት ማዕዱን አዩ።