በገጠር ሐኪሞችን ያሠለጠኑት ዶክተር ኖርማን ቤቲዩን

ካናዳዊው የሳንባ ቀዶ ጥገና ሐኪም ዶክተር ኖርማን ቤቲዩን በኦንታሪዮ፣ ግሬቨንኸርስት በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1890 ተወለዱ። በ1926 በሳንባ ነቀርሳ ታመው የዳኑ ሲሆን፣ በ1936 ወደ እስፔይን ዘምተው እስከ ጦር ግንባር ደም የሚያደርስ ክፍል አቋቋሙ።

በ1938 የጃፓን ጦር የወረራትን ቻይናን ለመርዳት ሄዱ። በሰሜን ቻይና ተራሮች የሠለጠነ ሐኪም እጅግ ጥቂት ነበር። ሐኪም ከከተማ እስኪመጣ ቢጠበቅ ቁስለኛው እንደሚሞት ስለተረዱ፣ ብዙም ትምህርት ያላገኙ የገበሬ ልጆችን በሥራ ላይ ያሠለጥኑ ጀመር። ቁስል ማጠብን፣ መሣሪያ መቀቀልን፣ የተሰበረ አጥንት መደገፍን በእጃቸው እያሳዩ አስተማሩ፤ በሥዕል የተደገፈ መጽሐፍም አዘጋጁላቸው። መደገፊያውንና ቃሬዛውን የመንደሩ አናጢዎች ሠሩ። ገበሬው ደም መስጠትን ሲፈራ ቀድመው የራሳቸውን ሰጡ።

በሶንግያንኮው መንደር በዚያው ዓመት የተከፈተው ሆስፒታላቸው ብዙም ሳይቆይ በጃፓን ጦር ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ሕክምናው በበቅሎ ጀርባ ሆነ። ለእኛ ለእርሻ ሠራተኞች የሚጥመን ደግሞ ይህ ነው፦ የመድኃኒት መጫኛውን ቅርጽ የወሰዱት ገበሬው ፍግ ወደ ማሳ ከሚያጓጉዝበት ቅርጫት ነበር።

በ1939 ቁስለኛ ሲያክሙ ጣታቸው ተቆረጠ። ቁስሉ መርዞ ደማቸውን በከለው፤ ፔኒሲሊን ገና በሕክምና ላይ አልዋለም ነበርና በዚያው ዓመት በ49 ዓመታቸው አረፉ። እሳቸው በረዱበት አካባቢ የተቋቋመው የሕክምና ትምህርት ቤት በ1940 በስማቸው ተሰየመ።