በኸሊፋው ደጅ 11 ዓመት

ስለ መተማ ጦርነት ባነበብኩ ቁጥር ሐሳቤ ወደ አንድ ኦስትሪያዊ ይሄዳል። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ድርቡሾች የዐፄ ዮሐንስን ራስ ቆርጠው ወደ ኦምዱርማን ሲልኩ፣ ሩዶልፍ ስላቲን በዚያች ከተማ ስድስተኛ የምርኮ ዓመቱን ይዞ ነበር። የተቆረጠ ራስ ለእሱ አዲስ አልነበረም።

ስላቲን በ1857 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ቪየና አጠገብ ተወለደ። ገና በሃያዎቹ ዕድሜው፣ በ1881፣ ግብፅ ታስተዳድራት የነበረችው የዳርፉር ገዥ ሆነ። የመሐዲ አመጽ ሲቀጣጠል ወታደሮቹ፣ የምንሸነፈው አዛዣችን ክርስቲያን ስለሆነ ነው እያሉ ማጉረምረም ጀመሩ። ሰለመ። አልጠቀመውም፤ የግብፅ መንግሥት የላከው የሂክስ ጦር በኖቬምበር 1883 ሸይካን ላይ ሲደመሰስ ተስፋው ተሟጠጠ፤ በዲሴምበር እጁን ሰጠ።

በ1884 ካርቱም ውስጥ ለተከበበው ለጄኔራል ጎርዶን ደብዳቤ ጻፈ። ጎርዶን ሃይማኖቱን በለወጠ መኮንን ቅር ተሰኝቶ ስለነበር ፊት ነሳው። ድርቡሾቹ ደግሞ ተጠራጥረው በሰንሰለት አሰሩት። ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ካርቱም ስትወድቅ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ወደ ታሰረበት አመጡ። ሲፈቱት የጎርዶን ራስ ነው። እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌም መጽሐፉን እዘጋለሁ። አንዱ ሃይማኖቱን አልለወጠም፣ ሞተ፤ ሌላው ለወጠ፣ ኖረ። ማንኛቸውን እንደማከብር እስከ ዛሬ አልቆረጥኩም።

መሐዲ በዚያው ዓመት ሲሞት የተተካው ኸሊፋ አብዱላሂ፣ አብዱልቃድር የተባለውን ስላቲንን ከደጁ አላራቀውም። ደጅ ጥናት ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የእኛው ባለጉዳይ ግን ማታ ቤቱ ይገባል። ስላቲን ከጎህ እስከ ሌሊት በር ላይ ይቀመጣል፣ ኸሊፋው በፈረስ ሲወጣ በእግሩ ይከተላል፣ ፊቱን ሲያጠቁር ምክንያቱን ይገምታል። ያተረፈችው ይህች ፊት የማንበብ ችሎታ ይመስለኛል።

የግብፅ ጦር የስለላ ሹም ዊንጌት ባቀናበረው ዕቅድ በፌብሩዋሪ 1895 ጠፋ። ከሦስት ሳምንት በላይ በበረሃ ተጉዞ አስዋን ገባ። በ1898 ከኪችነር ጦር ጋር ወደ ኦምዱርማን ተመለሰ፤ ከ1900 ጀምሮም የሱዳን ዋና ተቆጣጣሪ ሆነ። በ1914 አገሩና እንግሊዝ ጦር ሲማዘዙ ሥልጣኑን ለቀቀ።

ከዚያ በኋላ የገባው ወደ ኦስትሪያ ቀይ መስቀል ነው። የተሰጠው ሥራ የጦር ምርኮኞች ጉዳይ ነበር።