የእቴጌ ጥሩወርቅ ዳዊት

ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ራስ ደጀን ተራራ የሚወጣ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚያድረው አምቢኮ በምትባለው መንደር ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ተራራ የሚገኝበት ይህ የስሜን አገር ስሙ በተነሣ ቁጥር ገደሉና ዋልያው ለሁሉም ሰው ትዝ ይለዋል። እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስታውስ የፈለግነው ከዚሁ አገር የተገኙትን፣ መከራ ሲፈራረቅባቸው የኖሩትን እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤን ነው።

እቴጌ ጥሩወርቅ የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ፣ የእቴጌ ጣይቱ ብጡልም የአጎት ልጅ ነበሩ። ደጃዝማች ውቤ ስሜንንና ትግሬን ከሃያ ዓመት በላይ የገዙ ብርቱ መስፍን ሲሆኑ፣ በጃናሞራ የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት አንድ ቀን እዚያ ዘውድ ሊጭኑ አስበው እንደ ነበረ ይነገራል። ነገር ግን በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸው። ዘውዱም በአቡነ ሰላማ እጅ ለድል አድራጊው ተጫነ፤ ስማቸውም ዐፄ ቴዎድሮስ ተባለ። ለደጃዝማች ውቤ የተረፋቸው እስራት ብቻ ሆነ።

ዐፄ ቴዎድሮስ የመጀመሪያ ባለቤታቸው እቴጌ ተዋበች በ1850 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ የዚህን የእስረኛቸውን ልጅ አገቡ። ወጣቷ ጥሩወርቅ ከጋብቻው ይልቅ ምንኩስናን ይመርጡ እንደ ነበረ ይተረካል። ልባቸውን የሚያዝን ነገር እንዳልነበረ ለመገመት አያስቸግርም፤ የአባታቸውን ዙፋን የወሰደው፣ አባታቸውንም ያሰረው ሰው ባላቸው ሆኗልና። በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ልጃቸው ዓለማየሁ ተወለደ፤ ይሁን እንጂ ትዳሩ ሰላም አላገኘም። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ሌላ ሴት አዘነበሉ። ደጃዝማች ውቤም መቅደላ ከመውደቁ አንድ ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ በእስር እንዳሉ ዐረፉ።

እቴጌይቱ በዚህ ሁሉ ዘመን ከእጃቸው ያልለዩት ዳዊታቸውን ነበር። አንድ ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እልፍኛቸው ቢገቡ እቴጌይቱ ዳዊት መድገማቸውን ሳያቋርጡ ቀሩ፤ ስለዚህም ሲጠየቁ ከእርሳቸው ከሚበልጥ ንጉሥ ጋር እየተነጋገሩ መሆናቸውን ገለጹ ተብሎ ይተረካል። ብዙዎች ይህንን እንደ ኩራት ቈጥረውታል። በእኛ አስተያየት ግን ከኩራት ያለፈ ነገር አለበት። አባታቸው እስረኛ፣ ባላቸው አሳሪ የሆኑባቸው ሴት ስሞታቸውን ለማን ይንገሩ? መዝሙረ ዳዊት ከምስጋናው ጋር እሮሮውንም ሳይሸሽግ የያዘ መጽሐፍ ነው፤ ሰማንያ ሰባተኛው መዝሙርማ አንዳች መጽናኛ ሳያሰማ በጨለማ ውስጥ ያበቃል። ያንን የሚደግም ሰው ኀዘኑን መካድ አያስፈልገውም፤ ይዞት ወደ አምላኩ ይቀርባል እንጂ።

በሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላ ሲገባ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሠዉ። ጦሩ እቴጌይቱንና የሰባት ዓመቱን ልጃቸውን ይዞ ወደ ባሕሩ ተመለሰ። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ ታመው የነበሩት እቴጌ ጥሩወርቅ ግን አንድ ወር ያህል እንደ ተጓዙ በግንቦት 1860 ዓ.ም. እንደርታ ውስጥ ዐረፉና በጨለቆት ተቀበሩ። ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በአሥራ ስምንት ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞተ፤ መቃብሩም በዊንድሶር ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሊጠይቅ ይችላል፤ አባታቸው ካልተፈቱ፣ ትዳራቸው ካልሰመረ፣ ልጃቸውም በባዕድ አገር ከቀረ የእኒህ እቴጌ ተስፋ ምን ፈየደላቸው? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቀላል ቃል ልናልፈውም አንወድም። ተስፋ ማለት የለመኑትን ማግኘት ብቻ ከሆነ እቴጌ ጥሩወርቅ ተስፋቸው ባዶ ሆኖ ቀርቷል ማለት ነው። ነገር ግን ዘመኑ የሚያከብራቸውን ሁሉ ሲወስድባቸው፣ ማንም ሊወስደው ያልቻለው አንድ ነገር ነበራቸው፤ ይኸውም ከንጉሥ በላይ የሚሰማቸው እንዳለ ማመናቸው ነው። ስለዚህም በንጉሥ ፊት ሳይጐብጡ ኖሩ። መከራው አላጠረላቸውም፤ እርሳቸውን ግን መከራው የራሱ አላደረጋቸውም።

ዛሬም በየቤቱ መፈታት የሚጠብቅ፣ ፈውስ የሚጠብቅ፣ የጠፋ ልጁን የሚጠብቅ ብዙ ሰው አለ። ለእርሱ ነገ ሁሉ ይስተካከላል ብሎ መንገር ቀላል ነው፤ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ሕይወት የምንማረው ግን ከዚህ ይከብዳል። እርሳቸው ነገ ምን እንደሚያመጣ ሳያውቁ የዕለቱን ዳዊት ደገሙ፤ በማግስቱም እንደገና ገለጡት።