ከባሕር ማዶ ጉዞ በፊት፦ የልዑል ዓለማየሁ መንገድ

ከካዛንቺስ ወደ ቂርቆስ ሲያልፉ ሻንጣ የሚጎትት ሰው ማየት ብርቅ አይደለም። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እዚያው ነው፣ ሆቴሉ ብዙ ነው፣ የቦሌ አየር ማረፊያም ሩቅ አይደለም። ካዛንቺስ ስሟን እንኳ ያገኘችው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው። ሰፈሩ ሄያጅና መጪ ለምዷል። የጉዞ ዝግጅታችን ግን ብዙ ጊዜ ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ላይ ያበቃል። ጤና ትዝ የሚለን በርበሬውና ሽሮው ከተቋጠረ በኋላ ነው። ለዛሬ ስለ ክትባትና ስለ ሕክምና ምርመራ የምንነግርዎ በአንድ ልጅ ታሪክ በኩል ይሆናል። ልጁን በስም ያውቁታል።

ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ በ1853 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ዐፄ ቴዎድሮስ፣ እናቱ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር ስትያዝና አባቱ ሲሞቱ ገና ሰባት ዓመቱ ነበር። ጦሩ ሲመለስ እናትና ልጅ አብረው ተጓዙ። እቴጌይቱ ግን ታመው ነበር፤ ሕመማቸው የሳንባ ነበር ይባላል። ከመቅደላ ወደ ባሕር የሚወስደው መንገድ ገደልና ቁልቁለት ነው፤ ቀን ሐሩር ሌሊት ብርድ ይፈራረቁበታል። ትግራይ ደርሰው በግንቦት ወር አረፉ። ልጁ ብቻውን ቀረ።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። እቴጌይቱ ጉዞውን የማዘግየትም የመተውም ምርጫ አልነበራቸውም። እርስዎ ግን አለዎት። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ ካለብዎ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ያድርጉ። ለረዥም ጊዜ የሚኖሩበት ወይም የሚማሩበት ቪዛ ከመስጠታቸው በፊት የደረት ራጅ የሚጠይቁ አገሮች አሉ። በሽታው ከተገኘ በመድኃኒት ይድናል፤ ሕክምናው ግን ወራት ይፈጃል። ለኤምባሲው ቀጠሮ ሦስት ቀን ሲቀረው የተገኘ ነቀርሳ ግን ጉዞውን ያስቀራል። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የልብ ወይም የአስም ሕመም ያለብዎም ቢያንስ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ቀደም ብለው ሐኪምዎን ያማክሩ።

ዓለማየሁ ከዙላ ወደብ በመርከብ ተጓዘ። በእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ተቀበሉት፣ ወደዱትም። አሳዳጊው ሻምበል ስፒዲ ሆነ። ስፒዲ ቀደም ሲል ዐፄ ቴዎድሮስን ያገለገለ፣ አማርኛ የሚናገር ሰው ነበር፤ ልጁም ከእርሱ መለየት አልፈለገም። አብረው ሕንድም ሄደው ኖሩ። በኋላ ግን የእንግሊዝ መንግሥት ልጁን ከስፒዲ ለይቶ ለትምህርት መለሰው። ቼልተንሃም ገባ፤ ቀጥሎ ራግቢ፤ እ.ኤ.አ. በ1878 ደግሞ የሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት። በየትኛውም አልደላውም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከብርዱም ከምግቡም ይልቅ የጎዳው፣ የሚለምደውን ሰው ባገኘ ቁጥር መነጠቁ ነው።

ሳንድኸርስትን ትቶ ሊድስ ከተማ መምህሩ ሲሪል ራንሰም ዘንድ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1879 መኸር ላይ ብርድ መታው ተባለ፤ ሕመሙ ወደ ሳንባው ወረደ። ተመርዣለሁ ብሎ በመስጋት ምግብም መድኃኒትም እምቢ ያለበት ጊዜ ነበር። ኅዳር 5 ቀን 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ አረፈ። በንግሥቲቱ ፈቃድ በዊንድሰር ቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ ኢትዮጵያ ብትጠይቅም እ.ኤ.አ. በ2023 የባኪንግሃም ቤተ መንግሥት አልተቀበለውም።

ያን ጊዜ በዓለም ላይ ለሰው የሚሰጥ ክትባት አንድ ብቻ ነበር፤ የፈንጣጣ። የሳንባ ምችን የሚያክመው ፔኒሲሊን የተገኘው ዓለማየሁ ከሞተ ከ49 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ብዙውን የሳንባ ምች የሚያመጣውን ተህዋሲ የሚከላከለው ክትባት እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት ይሰጣል። ስለዚህ ልጅ ይዘው የሚጓዙ ከሆነ የልጅዎን የክትባት ካርድ አውጥተው ይመልከቱ፤ የጎደለ ካለ ያስሞሉ፤ ካርዱንም ይዘው ይሂዱ፣ እዚያ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡ ሊጠየቁ ይችላሉና። ዕድሜዎ የገፋ ወይም የቆየ ሕመም ያለብዎ ሆነው ክረምቱ ወደሚበረታበት አገር ከሄዱ ስለ ጉንፋንና ስለ ሳንባ ምች ክትባት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

በየአየር ማረፊያው የሚጠየቀው የቢጫ ወባ ካርድ ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ሊከሰትባቸው ከሚችሉ አገሮች ስለምትቆጠር፣ ከእኛ ለሚሄድ ሰው ካርዱን የሚጠይቁ ብዙ አገሮች ናቸው። ካርዱ የሚጸናው ክትባቱ ከተሰጠ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ፣ ነገ ሊበሩ ዛሬ ቢከተቡ ሕጉን አላሟሉም። አንዴ ከተከተቡ ካርዱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ የድሮ ካርድ ላይ 10 ዓመት የሚል ጊዜ ቢጻፍም ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ይህ ቀርቷል። ክትባቱ ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ስላለው ነፍሰ ጡሮች፣ ከዘጠኝ ወር በታች ያሉ ሕፃናት፣ የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ፣ ለእንቁላል ከባድ አለርጂ ያለባቸውና ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች አስቀድመው ከባለሙያ ጋር መነጋገር አለባቸው። ለሐጅ የሚሄዱ ደግሞ የማጅራት ገትር ክትባት ያስፈልጋቸዋል፤ እርሱም ከመድረሳቸው 10 ቀን በፊት መሆን አለበት።

አንድ ነገር ብዙ ሰው ይዘነጋል። አዲስ አበቤ ደጋ ለምዶ ያደገ ነው፣ ለወባ የተገነባ መከላከያ የለውም። ጁባ ወይም ካምፓላ ለሦስት ቀን ስብሰባ ቢሄዱም የወባ መከላከያ መድኃኒትና አጎበር ጉዳይ ከሐኪም ጋር ይነጋገሩ። ተመልሰው ትኩሳት ከያዝዎ፣ ሳምንታት ቢያልፉም እንኳ፣ የት እንደነበሩ ለሐኪሙ ይንገሩ።

የሚወስዱትን መድኃኒት በሚጫን ሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ፣ ከነማሸጊያው ይያዙ፤ የሐኪም ማዘዣውም የመድኃኒቱን ዋና ስም ይጥቀስ። እኛ ዘንድ በቀላሉ የሚገኝ ማስታገሻ ሌላ አገር የተከለከለ ሊሆን ይችላል። የሚታወቅ ሕመምዎንና አለርጂዎን በወረቀት ላይ በአገሩ ቋንቋ ወይም በእንግሊዝኛ አስጽፈው ከፓስፖርቱ ጋር ያስቀምጡት። ወደ ውጭ ለትምህርት የሚሄድ ልጅ ያለዎ ከሆነ ደግሞ ቢታመም በቋንቋው የሚያዋራው፣ ምግብ እምቢ ቢል አጠገቡ ቁጭ የሚል አንድ ሰው በዚያ ከተማ ፈልገው፣ ስልኩን ይዘው ይላኩት።