አቶ ዮና ቦጋለ፦ ለረጂዎች አገሩን ያስረዱ መምህር

የአቶ ዮና ቦጋለን ስም ለአባቶችና ለእናቶች መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሳቸው በአስተማሪነታቸው ነው። ከዚያ የማያንስ ሌላ ሥራም ነበራቸው፦ ከውጭ ሊረዳ ለሚመጣው ሰው የሕዝቡን ኑሮ ማስረዳት።

የተወለዱት በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ከጎንደር ከተማ አጠገብ ባለችው ወለቃ ነው። በልጅነታቸው ዶክተር ፋይትሎቪች ወደ ኢየሩሳሌም ወሰዷቸው፤ ከዚያም በጀርመን፣ በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተማሩ። አገራቸው ሲመለሱ ከአማርኛና ከግዕዝ ሌላ ዕብራይስጥ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ ይዘው ነበር። በአዲስ አበባ አስተማሩ፤ ከጣሊያን ወረራ በኋላም በትምህርት ሚኒስቴር ሠሩ።

በ1953 የመንግሥት ሥራቸውን ትተው ሶኽኑት በጎንደር አካባቢ ለሚከፍታቸው ትምህርት ቤቶች መሥራት ጀመሩ። እንግዲህ ለእርዳታ የሚመጣው ሰው ጊዜ የለውም። መምህር፣ ሐኪም ወይም የድርጅት ተወካይ ሆኖ ይመጣል፣ ጥቂት መንደር ያያል፣ ይመለሳል። ያ ገበሬ ለምን እንደደኸየ ከየት ይወቅ? አብዛኛው ቤተ እስራኤል ርስት አልነበረውም፤ የሰው መሬት እያረሰ ምርቱን ለባለ ርስቱ ያካፍል ነበር። ይህን የማያውቅ ረጂ ድህነቱን የስንፍና ውጤት አድርጎ ሊያየው ይችላል። የቄሶቹን ሥልጣንና የንጽሕናውን ሥርዓት ካላወቀም፣ በደግ ልብ ያመጣው ነገር ጠብ ይዘራል።

አቶ ዮና በሁለቱ መካከል ቆሙ። ውጭ አገር ላሉት ድርጅቶች ደብዳቤ ይጽፉ፣ እንግዶችን ይቀበሉ፣ ያስተረጉሙ ነበር። ለመንደሮቹ ደግሞ የበዓላቱን ቀን የሚያሳይ የአማርኛ መቁጠሪያ አዘጋጁ፤ የዕብራይስጥና አማርኛ መዝገበ ቃላትም ደከሙበት። በ1950ዎቹ መጨረሻ ገንዘቡ ሲቀንስ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ እርሳቸው ግን ሥራቸውን አልተዉም።

አብዮቱ ሲመጣ ነገሩ ከበደ። በ1975 የወጣው የመሬት አዋጅ ለጭሰኛው መሬት ቢሰጥም፣ የድሮዎቹን ባለ ርስቶች አስቆጣ። በጎንደር በኩል ኢዲዩና የደርግ ጦር ሲዋጉ መንደሮቹ መሐል ገቡ። በ1979 አቶ ዮና ወደ እስራኤል መጡ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ካናዳ ሄደው፣ በሞንትሪያል በተሰበሰበው የሰሜን አሜሪካ የአይሁድ ፌዴሬሽኖች ጉባኤ ፊት የወገኖቻቸውን ጭንቀት አስረዱ። በሌላ ሥራ የተጠመዱት ታላላቅ ድርጅቶች ጉዳዩን ከራሱ ከባለቤቱ አፍ ሰሙ። እርሳቸው በ1987 አረፉ።

ዛሬ በጋን ያቭኔ፣ በገደራና በቂርያት መላኪ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ጠረጴዛ ላይ ብዙ ፋይል ተከምሯል። አንድ ቤተሰብ ከየት እንደመጣ፣ በሱዳን መንገድ ማንን እንደቀበረ ፋይሉ አይነግራትም። መጋሽር ካለ እሰየው። ከሌለ ግን የሚነግሯት ሽማግሌዎች ናቸው። አቶ ዮና ዕድሜያቸውን የሰጡት ለዚህ ነበር፤ ረጂ የሚረዳውን ሰው ካላወቀ እርዳታው መንገድ ላይ እንደሚቀር ያውቁ ነበርና።