የንግሥቲቱ ልብና የመርከበኞቹ ሆድ
እ.ኤ.አ. በ1558 የእንግሊዝን ዙፋን የወረሰችው ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ፣ ሴት ልትነግሥ አይገባም በሚባልበት ዘመን ሥልጣኗን በሠራዊት ብቻ ሳይሆን በዘይቤያዊ አነጋገርም ጭምር እንዳጸናች እንገነዘባለን። በ1559 ባል እንድታገባ ለወተወታት ምክር ቤት፣ ባሏ የእንግሊዝ መንግሥት መሆኑን በመግለጽ እንደመለሰች ይተረካል። በ1588 የእስፓኝ መርከቦች በመጡ ጊዜም በቲልበሪ ለተሰለፈው ጦር፣ አካሏ የደካማ ሴት ቢሆንም ልቧ የንጉሥ መሆኑን እንዳስታወቀች ይነገራል። ይህ አነጋገር አንዲትን ሴት ከፍ ሲያደርግ የሌሎቹን ደካማነት እንደ እውነት አጽንቷል፤ ጀግንነትን የወንድ ርስት አድርጎታልና። ከድሉ በኋላ ብዙ መርከበኞች ደመወዛቸውን ሳይቀበሉ በበሽታና በችጋር ረገፉ። ንግሥቲቱ በ1603 ሞተች። እኛም የመሪን ንግግር ስንመዝን፣ ምሳሌው ማንን እንደሚያነሣ፣ ማንንም እንደሚጥል፣ ከበስተኋላውም ማን እንደተራበ መጠየቅ ይገባናል።